ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ብቃቱስ? ስለ ሐኪሞች ቀጣይ ምዘና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም ዘንድ የገባ ሰው ዓይኑ ማረፉ የማይቀርበት ነገር አለ፤ በመስታወት ተለብጦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሐኪሙ የምስክር ወረቀት። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ወጣት ጠረጴዛው ጋ ከተቀመጡት አዛውንት ጋር የሚመሳሰለው በግንባሩ ብቻ ነው። ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለዚያ ወጣት ነው። ዛሬ የሚያክሙን ግን አዛውንቱ ናቸው።

እኔም ሐኪም ነኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሬ እንግሊዝ አገር መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ሆኖኛል። ስለዚህ ጉዳይ ከዘመድ፣ ከወዳጅና ከሙያ ጓደኞች የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። በብዛት የማወራው ስለ እንግሊዝ ነው፤ በየዓመቱ የማልፍበት ሥርዓት እሱ ስለሆነ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም ተምሮ፣ ተፈትኖ ፈቃድ ካገኘ በኋላ እንደገና መመዘኑ ለምን አስፈለገ?

የጨጓራን ነገር እንውሰድ፤ በየቤታችን አለና። በ1970ዎቹ የተመረቀ ሐኪም የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ነው ተብሎ ነው የተማረው። ታካሚውን በርበሬ ተው፣ ወተት ጠጣ፣ አትበሳጭ ይለው ነበር። በ1982 ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ ለአብዛኛው ቁስለት መነሻው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ደረሱበት፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። ዕድሜ ልክ ሲያሰቃይ የኖረ በሽታ በአንድና በሁለት ሳምንት መድኃኒት የሚድን ሆነ። ያ የ1970ዎቹ ተመራቂ ይህን ካልሰማ፣ ወይም ሰምቶ ልማዱን ካልተወ፣ ፈቃዱ ሕጋዊ እንደሆነ ታካሚው ግን ወተት እየጠጣ ይቆስላል።

ልምድ ይህን ያካክሳል ብለን እናስባለን። እኔም አስብ ነበር። በ2005 የታተመ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ 62 ምዘናዎችን ሲመረምር፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ሐኪሙ በሥራ ላይ የቆየባቸው ዓመታት በጨመሩ ቁጥር የሕክምናው ጥራት ዝቅ እያለ መሄዱን አገኘ። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ዳሰሳ ደግሞ ሐኪሞች ስለ ራሳቸው ብቃት የሚሰጡት ግምት ከውጭ ከሚታየው ጋር እንደማይጣጣም አሳየ። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ በችሎታ ዝቅ ያሉትና በራሳቸው አብልጠው የተማመኑት ከሁሉ የባሰ የተሳሳተ ግምት የሰጡ መሆናቸው ነው። እንግዲህ ጉዳዩን ለእያንዳንዱ ሐኪም ኅሊና ብቻ መተው አይበቃም። ኅሊና የለንም ማለቴ አይደለም፤ የራስን ጀርባ በራስ ዓይን ማየት ስለማይቻል ነው።

እንግሊዝ አገር ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

ሐኪሞችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው በ1858 ሕግ የተቋቋመው ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል ነው። ከ2009 ወዲህ ሁለት ነገሮች ተለያይተዋል፤ መዝገብ ላይ መስፈር አንድ ነው፣ የመሥራት ፈቃድ ሌላ ነው። መዝገብ ላይ ያለ ሐኪም ሐኪምነቱ ይታወቅለታል፤ ፈቃድ ከሌለው ግን መድኃኒት ማዘዝም ታካሚ ማከምም አይችልም። ፈቃዱን ይዞ ለመቆየት ዳግም ማረጋገጫ የሚባለውን ማለፍ አለበት። ይህ የተጀመረው ታኅሣሥ 3 ቀን 2012 ሲሆን ብዙውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ ይመጣል።

አምስት ዓመት ተኝቶ በመጨረሻ መሯሯጥ ግን የለም። ሐኪሙ በየዓመቱ ከሌላ ሐኪም ጋር ተቀምጦ ሥራውን ያስገመግማል። ይዞ የሚቀርበው ማስረጃ የታወቀ ነው፤ ምን ተማረ፣ የሥራውን ጥራት ለማሻሻል ምን ሠራ፣ ምን ከባድ ስህተት ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ ደረሰበት፣ የሥራ ባልደረቦቹ ምን ይላሉ፣ ታካሚዎቹ ምን ይላሉ፣ ምን ቅሬታና ምን ምስጋና መጣለት። የባልደረቦችና የታካሚዎች አስተያየት በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በተደራጀ መጠይቅ ይሰበሰባል። በመጨረሻ በየመሥሪያ ቤቱ ለዚሁ የተሾመ አንድ ከፍተኛ ሐኪም ሁሉንም አይቶ ለካውንስሉ ሐሳብ ያቀርባል፤ ውሳኔው የካውንስሉ ነው።

ሊቀርብ የሚችለው ሐሳብ ሦስት ዓይነት ነው፤ ይታደስለት፣ ማስረጃው ስላልተሟላ ጊዜ ይሰጠው፣ ወይም ሰውየው በሥርዓቱ አልሳተፍም ብሏል። "ወድቋል" የሚል የለም። የብቃት ጥርጣሬ ከተነሣ አምስተኛው ዓመት እስኪሞላ አይጠበቅም፤ የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ጊዜ ይሰጠው የተባለ ሐኪም ደግሞ ጥፋተኛ ማለት አይደለም። ወልዳ ዕረፍት ላይ የነበረች፣ ታሞ የከረመ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

"ግምገማ" የሚለው ቃል ያስፈራኛል። እንደ እኛ አገር ግምገማ ነው?

ይገባኛል። እኛ ዘንድ ግምገማ ሲባል ትዝ የሚለን በመሥሪያ ቤት አዳራሽ ሰው እየተነሣ ሂስና ግለ ሂስ የሚያወርድበት ስብሰባ ነው። እኔም የመጀመሪያው ቀን ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር የገባሁት።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ በሩ ተዘግቶ፣ ሻይ ቀርቦ። ገምጋሚዋ አስቀድማ ማስረጃዬን አንብባ ነው የመጣችው፤ ዳር ዳሩን በእርሳስ ምልክት አድርጋበታለች። ካቀረብኳቸው ነገሮች አንዱ አንድ የደም ምርመራ ውጤት ነበር። የአንድ አረጋዊ የፖታሲየም መጠን አደገኛ ደረጃ ላይ መድረሱን የሚያሳየው ውጤት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገብቶ፣ እኔ የከፈትኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። አረጋዊው ወዲያው ተጠርተው ሆስፒታል ገቡ፣ ተረፉ። እኔ ይቅርታ መጠየቄን፣ ማዘኔን፣ ሁለተኛ እንደማይደገም ጽፌ ነበር። እሷ ይህን አልፋ "በዚያ ዓርብ ስንት ውጤት ነበር የሚጠብቅህ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። ተመልሼ ስቆጥር ከ80 በላይ ሆኖ አገኘሁት፤ የሚያየውም እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያን ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ አልነበርኩም። ከዚያ በኋላ እኔ በሌለሁበት ቀን ውጤቴን የሚከፍት ተረኛ ተመደበ። ማዘን ማንንም አያድንም ነበር፤ ተረኛው ግን ያድናል።

ጥሩ ገምጋሚ የሚያደርገው ይህን ነው። ሁሉም ጥሩ ነው አልልም። ቅጹን ለማሟላት ብቻ የሚጠይቅ፣ ሐኪሙም ቅጹን ለማሟላት ብቻ የሚመልስበት ግምገማ አለ፤ ያ ለሁለቱም የባከነ ግማሽ ቀን ነው።

ለምን በፈተና አይመዘኑም? ፈተና ቀላልና ግልጽ አይደለም?

ግልጽ ነው። ግን ፈተና የሚለካው የሚያውቁትን ነው፤ የሚያደርጉትን አይደለም። እጅን በታካሚና በታካሚ መካከል መታጠብ እንደሚገባ የማያውቅ ሐኪም የለም።

ሌላም ችግር አለ። ሃያ ዓመት የሕፃናት ሐኪም ሆኖ የኖረን ሰው ስለ ፕሮስቴት መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ለእያንዳንዱ ጠባብ የሙያ ዘርፍ ፈተና ማዘጋጀት ደግሞ ከባድ ነው። አሜሪካኖች ግን ፈተናውን አልተዉም። እዚያ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ለማደስ የትምህርት ሰዓት ይጠይቃሉ። የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫው በሙያ ቦርዶች እጅ ነው። የቤተሰብ ሕክምና ቦርድ በ1969 ሲመሠረት ጀምሮ ማረጋገጫው በየጊዜው መታደስ እንዳለበት ደንግጓል። የውስጥ ደዌ ቦርድም ከ1990 ጀምሮ የሚሰጠውን በአሥር ዓመት ወሰነው። በየአሥር ዓመቱ አንድ ቀን ሙሉ መፈተን ብዙ ቁጣ ቀስቅሶ ስለነበር፣ ከ2022 ጀምሮ በየሦስት ወሩ 30 ጥያቄ እየመለሱ መቆየትም ተፈቅዷል። ይህ የተሻለ ይመስለኛል፤ ጥያቄውን የተሳሳተ ሐኪም መልሱን ከነማብራሪያው ወዲያው ያገኛል፣ ነገ ጠዋት ይጠቀምበታል።

ታካሚ የሚሰጠው አስተያየት ምን ዋጋ አለው? ታካሚ ሕክምና አያውቅም።

ታካሚው የቀዶ ሕክምናውን ስፌት መመዘን አይችልም፤ መደመጡንና አለመደመጡን ግን ከሐኪሙ በላይ ያውቃል። መጠይቁን የሚያድለው ሐኪሙ ራሱ አይደለም፤ ቢሆን ወዳጆቹን ይመርጥ ነበር። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች ለተከታታይ ታካሚዎች ይሰጣሉ፣ ስም አይጻፍበትም፣ ሐኪሙ የሚያየው ጠቅላላ ውጤቱን ነው። በእኔ ላይ ከተጻፉት አንዱን አልረሳውም፤ "ዶክተሩ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን ከእኔ ይልቅ ኮምፒውተሩን ነው የሚያዩት" ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ጠረጴዛዬን አዞርኩት። አሁን ስክሪኑን ታካሚውም ያየዋል፣ እኔም ታካሚውን አያለሁ።

ለእኛ ሰዎች ግን ከልቤ የምለው አለኝ። አክስቴ ለንደን ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ይህን መጠይቅ በአስተርጓሚ ተጠይቀው ሞሉ። ሁሉንም "እጅግ በጣም ጥሩ" አሰኙ፤ "እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ምን ይወጣላቸዋል" እያሉ። እቤት ሲገቡ አዲሱ መድኃኒት ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ እንዳልገባቸው ነገሩኝ። ለምን አልተናገሩም ስላቸው "ሰውየውን እንጀራው ላይ ልግባበት?" አሉኝ። ይሉኝታችን ደግ ነገር ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ሐኪሙን የሚያስፈልገውን ነገር ይነሣዋል። አልገባኝም ብሎ መጻፍ ማንንም ከሥራ አያስወጣም። የሚቀጥሉት የእኔ አክስት ዓይነት እናት በትክክል እንዲነገራቸው ያደርጋል እንጂ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከየት መጣ? እንግሊዞች ምን አዩና?

ሁለት ነገር አዩ፤ ሁለቱም ያማሉ።

የመጀመሪያው ብሪስቶል ነው። በከተማይቱ የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግበት በነበረው ሆስፒታል ሕፃናት ከሌላው ቦታ በበለጠ ይሞቱ ነበር። በ1988 የተቀጠረ ስቴፈን ቦልሲን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ይህን አስተውሎ ቁጥር መሰብሰብና ማስጠንቀቅ ጀመረ። ለዓመታት የሰማው አልነበረም። በ1998 ካውንስሉ ሁለት ቀዶ ሐኪሞችንና ሐኪም የነበሩትን የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ ጥፋተኞች አላቸው። በኢያን ኬኔዲ የተመራው አጣሪ በ2001 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1991 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ከሚጠበቀው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ መሞታቸውን ገለጸ። ከሁሉ የሚከብደኝ ቀዶ ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። ጠንክረው ይሠሩ ነበር፤ ቁጥራቸውን ከሌሎች ጋር አስተያይቶ በግልጽ የሚያሳያቸው ሥርዓት ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ሃሮልድ ሺፕማን ነው። ማንቸስተር አጠገብ ሃይድ በምትባል ከተማ የሠፈር ሐኪም ነበር፤ ታካሚዎቹ የሚወዱት፣ ቤት ድረስ እየሄደ የሚያክም። በጥር 2000 አሥራ አምስት ታካሚዎቹን በመግደል ተፈረደበት፤ በዳኛ ጃኔት ስሚዝ የተመራው አጣሪ ደግሞ በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ ዘገባ የገደላቸው 215 መሆናቸውን አረጋገጠ።

ይህ ምዘና ሺፕማንን ይይዘው ነበር?

በቅን ልቦና ስመልስ፣ ብቻውን አይይዘውም ነበር። መጠይቅ ቢበተን ታካሚዎቹ ያሞግሱት ነበር፤ ዕውቀትም አልጎደለውም። ካውንስሉ በጊዜው ሊጀምረው ያሰበውን ምዘና ጃኔት ስሚዝ በታኅሣሥ 2004 ዘገባቸው አጥብቀው የተቹት ለዚህ ነው፤ በወዳጅነት መንፈስ የሚደረግ ውይይት የሐኪምን ብቁነት አረጋግጧል ሊባል አይችልም አሉ። ጅማሬው ተራዘመ፤ ስምንት ዓመት ፈጀ።

በ1998 መጋቢት ወር ስለ ሺፕማን መጀመሪያ የተጨነቁት ሰዎች የተመለከቱት ሌላ ነገር ነው። በጎረቤት ክሊኒክ የሚሠሩ ሐኪሞች የሟቾቹን አስከሬን ለማቃጠል በሚያስፈልገው ወረቀት ላይ ሁለተኛ ፊርማ ሲፈርሙ፣ የወረቀቱ ብዛት አሳሰባቸው። ፖሊስ መጀመሪያ አጣርቶ ምንም አላገኘም፤ በመጨረሻ ያጋለጠው የአንዲት ሟች ሐሰተኛ ኑዛዜ ነበር። ስለዚህ ወንጀለኛን የሚይዘው የሞት ቁጥርና የመድኃኒት ቁጥጥር ነው። ዓመታዊ ምዘና የሚጠቅመው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፤ ክፉ ላልሆነው፣ ነገር ግን ሳያውቀው ወደ ኋላ ለሚቀረው። የእኔ ዓይነቱ ደግሞ ከሺፕማን ዓይነቱ እጅግ ይበዛል።

ሐኪሙ በእውነት ብቃት ጎድሎታል ተብሎ ቢጠረጠርስ?

ያኔ ነገሩ ሻይ የሚቀርብበት ውይይት አይደለም። ካውንስሉ የአፈጻጸም ምዘና እንዲደረግበት ሊያዝዝ ይችላል። በዚያው ሙያ ያሉ ሐኪሞችና ሐኪም ያልሆነ ሰው ያሉበት ቡድን ይመደባል። የታካሚ ካርዶችን አውጥተው ያነባሉ፤ "እዚህ ላይ ይህን መድኃኒት ለምን መረጥህ?" እያሉ ስለ እውነተኛ ታካሚዎቹ ይጠይቁታል፤ አብረውት የሚሠሩ ነርሶችንና ሐኪሞችን ያነጋግራሉ። የጽሑፍ ፈተናም አለ፤ ታካሚ መስለው በሚቀርቡ ሰዎች ፊት የሚደረግ የተግባር ፈተናም እንዲሁ። ጉዳዩ ከከበደ በ2012 ለተቋቋመው የሐኪሞች ዳኝነት አካል ይቀርባል። እሱም በቅድመ ሁኔታ እንዲሠራ ማድረግ፣ ማገድ ወይም ከመዝገብ መሰረዝ ይችላል።

የታካሚ ካርድ ማንበብ ከሁሉ የሚበልጥ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። አሥር ካርድ በእርጋታ ያነበበ ሰው የሐኪሙን አስተሳሰብ ያያል።

በዕድሜ የገፉ ሐኪሞች መከልከል የለባቸውም?

የለባቸውም። በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሆስፒታል ታካሚዎችን ሲመለከት፣ ከ40 ዓመት በታች በሆኑ ሐኪሞች የታከሙት በ30 ቀን ውስጥ የመሞት መጠን 10.8 ከመቶ፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት የታከሙት 12.1 ከመቶ ሆኖ አገኘው። ነገር ግን ብዙ ታካሚ በሚያዩ ሐኪሞች መካከል ይህ የዕድሜ ልዩነት አልታየም። ዕድሜ ብቻውን አይደለም፤ እጅ ሲፈታ ነው የሚያሰጋው። ካናዳ ውስጥ የኦንታርዮ ግዛት ተቆጣጣሪ ሐኪም 70 ዓመት ሲሞላው የሙያ ባልደረባ ሥራውን እንዲያይ ያደርጋል እንጂ ወረቀቱን አይነጥቅም። ይህ አክብሮት ያለበት መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

በአገራችንም የጤና ባለሙያ ፈቃድ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ለማደስ ደግሞ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ይጠየቃል። ፈቃዱን ይመራ የነበረው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ሥራው የጤና ሚኒስቴር ነው። አዲስ ተመራቂዎችም ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት የብቃት ምዘና ፈተና ይፈተናሉ።

ሥልጠናው መልካም ነው። ነገር ግን በአዳራሽ የተቀመጡበትን ሰዓት መቁጠር የሐኪሙን ሥራ ማየት አይደለም። ሰርተፍኬት ሰብስቦ ፈቃድ አድሶ፣ በነጋታው እንደ ቀድሞው ማዘዝ ይቻላል። በገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ደግሞ "ገምጋሚህን ፈልግ" ማለት ቀልድ ይሆንበታል፤ የሚቀርበው ባልደረባ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቀዋል።

ግን ከባዶ አንነሣም። በ2013 አገራችን የእናቶችን ሞት የመከታተልና የመመርመር አሠራር ጀምራለች። አንዲት እናት ስትሞት ባለሙያዎቹ ተሰብስበው ከቤቷ ጀምሮ እስከ ማዋለጃ ክፍሉ ምን እንደዘገየ፣ ምን እንደጎደለ ይመረምራሉ፤ መርሑም ስም አለመጥራት፣ አለመውቀስ ነው። ዋናው ሐሳብ እዚያው አለ። ያንኑ ዓይነት ስብሰባ በወር አንድ ጊዜ ለአሥር ተራ የታካሚ ካርዶች ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካርዱ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ሐኪሞቹም እዚያው ናቸው።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሐኪም እንግሊዝ ሲገባ ወዲያው በዚህ ያልፋል?

በተለመደው መንገድ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ችሎታውን ያሳያል፣ ፕላብ የሚባለውን ሁለት ክፍል ያለው ፈተና ያልፋል። ተመዝግቦ ፈቃድ ካገኘበት ቀን ጀምሮ ግን እዚህ ከተማረው ጋር እኩል ነው። ምክሬ አንድ ነው፤ ማስረጃችሁን ከመጀመሪያው ወር ጀምሩ። የምስጋና ደብዳቤ፣ የተማራችሁበት ቀን፣ የተሳሳታችሁበት ጉዳይ (ያለ ታካሚ ስም)፣ ሁሉንም ጻፉ። ስህተት መጻፍ ለእኛ ይከብደናል፤ ያደግነው ስህተትን በመደበቅ ነውና። እዚህ የሚያስጠረጥረው በአምስት ዓመት አንድም ስህተት ያልጻፈ ሐኪም ነው።

ስለ ሐኪሜ ማረጋገጥ ብፈልግ ምን ላድርግ?

እንግሊዝ ከሆናችሁ የካውንስሉ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። በድረ ገጹ ላይ የሐኪሙን ስም ወይም የምዝገባ ቁጥር ታስገባላችሁ። "ተመዝግቧል፣ ፈቃድም አለው" እና "ተመዝግቧል፣ ፈቃድ የለውም" የሚሉት የተለያዩ ስለሆኑ ልብ ብላችሁ አንብቡ። በፈቃዱ ላይ ገደብ ተደርጎበት ከሆነም እዚያው ይታያል። ቅሬታ ካላችሁ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ለክሊኒኩ ወይም ለሆስፒታሉ መጻፍ ነው፤ ቀኑን፣ የሆነውንና እንዲደረግላችሁ የምትፈልጉትን በአጭሩ አስቀምጡ። አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ልጃችሁን ማስተርጎም የለባችሁም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ስታዩ መጀመሪያ የተሰጠበትን ዓመት ብቻ አትመልከቱ፤ የታደሰበትን ቀን ፈልጉ። ካላገኛችሁት በትሕትና ጠይቁ።